የላዩ ደንብና የታቹ ደንብ

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአባቶች ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሬ ስሰማው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ትርጕሙ በእውነት የገባኝ በዚህ ዓመት፣ በኮምፒዩተር ክበባችን ክፍል ውስጥ አንዲት ቍጥር ከ1 ወደ 3 ከለወጥሁ በኋላ ነው። ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በታች የምተርከው ነገር ለእኔ ምስጋና የሚያስገኝልኝ አይደለም። ሆኖም ከእኔ በኋላ በዚያ ወንበር ላይ ለሚቀመጡት ወንድሞቼና እኅቶቼ ይጠቅማቸው ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ ለመጽሔታችን ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን አኳኋን ላስረዳ። ክበባችን ሰባት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች አሉት። አንደኛው የሌሎቹ አስተዳዳሪ ነው። አራቱ አሮጌዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት ራም አላቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ሻል ያሉ ስለ ሆኑ 32 ጊጋባይት ይይዛሉ። በእነዚህ ላይ ክላውድስታክ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነናል። ይህ ፕሮግራም ብዙ ኮምፒዩተሮችን እንደ አንድ ንብረት አድርጎ ያስተዳድራል። አንድ ተማሪ «ማሽን እፈልጋለሁ» ብሎ ሲጠይቅ ከእውነተኞቹ ኮምፒዩተሮች ራምና ፕሮሰሰር ቈርሶ ቨርቹዋል ማሽን ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው አሠራር ክላውድ ይባላል። ፕሮግራሙን ያወጣው ክላውድ ዶት ኮም የተባለ ኩባንያ ነበር፤ ሲትሪክስ እ.ኤ.አ. በ2011 ኩባንያውን ገዛው፤ በ2012 ደግሞ ፕሮግራሙን ለአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰጠው። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊሠራበት ይችላል፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ የእኛ ክበብ ከቶ አያገኘውም ነበር።

ክላውድስታክ ንብረቱን በደረጃ በደረጃ ይከፍለዋል። ከላይ ዞን አለ፤ በዞን ውስጥ ፖድ፣ በፖድ ውስጥ ክላስተር፣ በክላስተር ውስጥ ሆስት የሚባለው እውነተኛው ኮምፒዩተር ይገኛል። ሰዎቹንም እንደዚሁ ይከፍላቸዋል። ከሁሉ በላይ ሩት የሚባል ዶሜይን አለ፤ ከእርሱ ሥር ሌሎች ዶሜይኖች፣ በዶሜይኖቹም ውስጥ አካውንቶች አሉ። እኛ አንድ ዞንና አንድ ፖድ አሉን። አሮጌዎቹን አራት ኮምፒዩተሮች «ክላስተር ሀ»፣ ሻል ያሉትን ሁለቱን «ክላስተር ለ» ብለናቸዋል። ለየክፍሉ ደግሞ አንዳንድ ዶሜይን ሰጥተናል፤ የ9ኛ ክፍል የራሱ፣ የ12ኛ ክፍልም የራሱ አለው።

እንግዲህ ሴቲንግ የምንለው ደንብ በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ይጻፋል። ግሎባል የሚባለው ለሁሉ የሚሆን ነው። ከእርሱ በታች አንዳንዱን ደንብ በዞን፣ አንዳንዱን በክላስተር፣ አንዳንዱን በዶሜይን ወይም በአካውንት ለይቶ መጻፍ ይቻላል። ሁሉም ደንብ በሁሉ ደረጃ አይጻፍም፤ እያንዳንዱ የተፈቀደለት ስፍራ አለው። ከታች ልዩ ደንብ ካልተጻፈ የላዩ ይሠራል። ከታች ከተጻፈ ግን የሚሠራው ለነገሩ የቀረበው የታቹ ነው። ይህን በምሳሌ ላስረዳ። ዲሬክተሩ «የምሳ ዕረፍት በ6 ሰዓት ነው» ብለው በሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ፣ የአንዱ ክፍል መምህር ደግሞ በፈቃድ «የእኛ በ6 ሰዓት ተኩል ነው» ብለው በበሩ ላይ ቢለጥፉ፣ የዚያ ክፍል ተማሪዎች የሚወጡት በበሩ ላይ በተጻፈው ሰዓት ነው። ሰሌዳውን ብቻ ያነበበ እንግዳ ሰው በ6 ሰዓት ቢመጣ ማንንም ሳያገኝ ይመለሳል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የሳይንስ ኤግዚቢሽናችን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተጨማሪ ማሽኖች ለመክፈት ሞክረው «በቂ አቅም የለም» የሚል መልስ ስላገኙ ወደ እኔ መጡ። እኔም ታላላቆቼ ሲለምኑኝ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ኩራትም ተሰማኝ። ክላውድስታክ የራም ማብዣ ቍጥር አለው። ቍጥሩ 1 ሲሆን ፕሮግራሙ ያለውን ራም ብቻ ያከፋፍላል፤ 2 ሲሆን እጥፉን እንዳለው አድርጎ ያከፋፍላል። ይህም ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ድርሻውን ሙሉ በሙሉ አይጠቀምም በሚል ተስፋ የሚደረግ ነው። መምህራችንን ሳልጠይቅ የግሎባሉን ገጽ ከፍቼ 1 የነበረውን 2 አደረግሁት። ምንም ለውጥ አልመጣም። አንዳንድ ሴቲንግ አስተዳዳሪው ተዘግቶ ካልተነሣ እንደማይሠራ ስለማውቅ ዘግቼ አስነሣሁት፤ አሁንም ምንም የለም። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ክላስተር ሲፈጠር ይህን ቍጥር ከግሎባሉ ቀድቶ በራሱ መዝገብ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚመለከተው የራሱን መዝገብ ነው። ስለዚህ የእኔ አዲስ አዋጅ ገና ለሚፈጠሩ ክላስተሮች እንጂ ለነበሩት አልደረሰም።

ያን ጊዜ ግን ይህን ሳላውቅ ተናደድሁ። ግሎባሉን ወደ 1 መልሼ የክላስተር ሀን ገጽ ከፈትሁና በዚያ 3 ብዬ ጻፍሁ። ወዲያውኑ ሠራ! 32 ጊጋባይት የነበረው ራም በወረቀት ላይ 96 ሆነ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማሽኖቻቸውን ከፈቱ፤ አመሰገኑኝም። በክበቡ ደብተር ላይ ግን አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍሁም። ይህ ሰኞ ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሁሉ ነገር ደኅና ስለ ነበረ ብልህ መሆኔን አመንሁ። ለካስ አዲሱ ቍጥር የሚይዘው ከለውጡ በኋላ የተፈጠሩትን ማሽኖች ብቻ ነው፤ ነባሮቹ ካልቆሙና እንደገና ካልተነሡ በቀድሞው ልካቸው ይቀጥላሉ። ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፋ። ዓርብ ጠዋት ማሽኖቹን አንድ ባንድ ስናስነሣቸው የክላስተር ሀ ማሽኖች ሁሉ በእኔ ቍጥር ተነሡ። 2 ጊጋባይት ራም የተሰጠው ማሽን ከዚያ ወዲህ የተረጋገጠለት ሲሦው ብቻ ሆነ።

ከእነዚህ ማሽኖች አንዱ የአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነበር። ይህ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በትምህርት ቤታችን አትክልት ቦታ የአፈሩን እርጥበትና ሙቀት በየሰዓቱ የሚለካ መሣሪያ ተክሎ ነበር። መሣሪያው ልኩን ወደ ማሽኑ ይልካል፤ ማሽኑ ይመዘግባል። አሳባቸው የ30 ቀን ያልተቋረጠ መዝገብ ለኤግዚቢሽኑ ማቅረብ ነበር፤ 26 ቀን ሞልቶላቸዋል። መሣሪያው ማሽኑ ሲዘጋ እስከ 24 ልክ ድረስ በራሱ ይዞ መቈየት ስለሚችል የሐሙሱ መብራት አልጎዳቸውም። ነገር ግን ዓርብ ማታ ራሙ አለቀ። ሊኑክስ ራም ሲያልቅበት ከሚሠሩት ፕሮግራሞች አንዱን መርጦ ያጠፋል፤ የመረጠውም መዝጋቢውን ነበር። ቅዳሜና እሑድ ክፍሉ ተዘግቶ ስለ ነበረ ማንም አላየም። ሰኞ ስንገባ መሣሪያው ሊይዝ የቻለው የመጨረሻዎቹን 24 ልኮች ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የቅዳሜና የእሑድ መዝገብ ጠፍቷል። ያለፈ ሰዓት ተመልሶ አይለካም።

መምህራችን መመርመር ጀመሩ። የግሎባሉን ገጽ ከፈቱ፤ የራም ማብዣው 1 ነው ይላል። «በዚህ በኩል ጥፋት የለም» አሉ። ገመዱን፣ ዲስኩን፣ የመብራቱን ሁኔታ ሁሉ ተመለከቱ። ሁሉንም ካዩ በኋላ የቀረው የልጁ ፕሮግራም ብቻ ስለ ሆነ «ምናልባት ፕሮግራምህ ራም ያባክን ይሆናል፤ እንደገና እየው» አሉት። ልጁ ምንም አልመለሰም። አንገቱን ደፍቶ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያነብ ገባ። ጓደኞቹም «ምነው ተጠንቅቀህ ብትጽፈው ኖሮ» እያሉ ሲወቅሱት ሰማሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ጉዳይ የክላስተር ሀን ገጽ ስከፍት 3ን አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ያን ጊዜ መናገር ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ገጹን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በዝምታ ወደ 1 ብመልሰው ማንም አያውቅም ብዬም አሰብሁ፤ ሁላችንም በአንድ የአስተዳዳሪ ስምና የይለፍ ቃል ስለምንገባ የማን እጅ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም ነበር። ማታ እራት ሲቀርብ እናቴ «ልጄ፣ ምን ሆነሃል? እህሉን አልነካኸውም» አለችኝ። ነገሩን በሚገባት ቋንቋ ነገርኋት። ስለ ራም የምታውቀው ነገር የለም፤ ነገር ግን ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ ያ የሰው ልጅ ዛሬ በምን ሆዱ ተኝቶ ይሆን?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም በዚያች ሌሊት ዓይኔን አልከደንሁም።

ረቡዕ ጠዋት ከደወሉ በፊት ወደ መምህራችን ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። ይቈጡኛል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወንበር ሳቡና «ና፣ አብረን እንየው» አሉኝ። ገጹን አይተው «እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ላዩን አይቼ ታቹን ሳላይ ፈረድሁ» አሉ። ቀጥሎም የክላውድስታክን የድርጊት መዝገብ ከፈቱ። ለውጡ የተደረገበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ አገኘነው፤ አድራጊው ግን «አስተዳዳሪ» ተብሎ ብቻ ተጽፏል።

ከዚያም ልጁን አስጠሩት። በጓደኞቹ ፊት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሁለት ሌሊት ሙሉ ስሕተቴን ፈልጌ አጣሁት» ብሎ ፈገግ አለ፤ ዓይኖቹ ግን ቀልተው ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማስተካከሉም ቀላል አልነበረም። ቍጥሩን ወደ 1 ስንመልስ ክላስተር ሀ የሰጠውን ተስፋ ሁሉ ሊፈጽም አይችልምና የ12ኛ ክፍልን አንዳንድ ማሽኖች ወደ ክላስተር ለ አዛወርን፤ ሁለቱን ግን መዝጋት ግድ ሆነ። ያመሰገኑኝ ተማሪዎች አሁን ተቀየሙኝ። ሳልጠይቅ የሰጠሁትን መልሼ መንጠቅ ከመጀመሪያው ከመከልከል የከፋ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። የቀሩትንም ማሽኖች አቁመን እንደገና አስነሣናቸው።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳለን ሁለተኛ ነገር ተማርሁ። ለ12ኛ ክፍል ዶሜይን ከ8 ማሽን በላይ እንዳይከፈት ወሰን ተደርጎለታል። ከአካውንቶቻቸው ለአንዱ ወሰኑን 20 ባደርግለትም ዶሜይኑ 8 ከሞላ በኋላ ዘጠነኛውን ይከለክላል። «የታቹ ይበልጣል ብለውኝ አልነበረምን?» ብዬ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ «ሴቲንግና ወሰን አንድ አይደሉም። ሴቲንግ የሚነበበው ከቀረበው ስፍራ ነው። ወሰን ግን ከአካውንቱ ጀምሮ እስከ ሩት ድረስ በየደረጃው ይጠየቃል፤ አንዱ እንቢ ካለ ነገሩ ቀረ ማለት ነው። ከግቢ ለመውጣት የክፍል ኃላፊው ቢፈቅዱልህም ዲሬክተሩ ከከለከሉ ዘበኛው አያሳልፍህም።»

ከዚያ ወዲህ ክበባችን ሦስት ነገሮችን ወስኗል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም እንጂ በጋራ ስም አይገባም፤ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው መምህራችን ብቻ ሲሆኑ እኛ እንደየዶሜይናችን ተወስኖልናል። ሁለተኛ፣ ከግሎባሉ የተለየ ደንብ በታች ደረጃ የሚጽፍ ሰው ቀኑን፣ ምክንያቱንና የቀድሞውን ቍጥር በደብተር ይጽፋል። ሦስተኛ፣ ችግር ሲገኝ ምርመራው የሚጀመረው ከታች፣ ከተጎዳው ነገር አጠገብ ነው፤ ከዚያ አንድ አንድ ደረጃ እያሉ ወደ ላይ መውጣት ነው።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ልጁ የመዝገቡን ሥዕል በግድግዳ ላይ ሰቀለ። መስመሩ 26 ቀን ሄዶ ይቋረጣል፤ ከባዶው ስፍራ በኋላ እንደገና ይጀምራል። ባዶውን በግምት ሞልቶ መስመሩን ማገናኘት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ከሥሩ «በእነዚህ ቀናት ልክ አልተመዘገበም» ብሎ ጻፈ እንጂ የእኔን ስም አላነሣም። እኔ ግን በዚያ ቀን ከሥዕሉ አጠገብ ቆምሁ። ወላጆችና መምህራን እየመጡ «ይህ ባዶ ምንድን ነው?» ብለው በጠየቁ ቍጥር ከእርሱ በፊት መልስ የሰጠሁት እኔ ነበርሁ።