ብራዚላዊው መንገደኛና የአገሮች ደጅ

የኢጓሱ ወንዝ ከፓራና ወንዝ ጋር በሚቀላቀልበት ስፍራ ብራዚል፣ አርጀንቲናና ፓራጓይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በብራዚል በኩል ፎዝ ዶ ኢጓሱ የምትባል ከተማ አለች። ከእርስዋ ወደ ፓራጓይ የሚያሻግረው የወዳጅነት ድልድይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965፣ ወደ አርጀንቲና የሚያሻግረውም በ1985 ዓ.ም. ተከፈቱ።

በእነዚህ ድልድዮች የሚመላለሰውን ሕዝብ ስንመለከት፣ ብራዚላዊው ፓስፖርት ሳይዝ በመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ለጉብኝት ሲሻገር እናያለን። ይህም የመርኮሱር ማኅበር አገሮች ስለ ተስማሙ ነው። ሆኖም የመንጃ ፈቃድ መታወቂያውን አይተካም። ከአንድ ወላጁ ጋር ብቻ ከአገር የሚወጣ ሕፃንም የሌላው ወላጅ የተረጋገጠ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ርቆ ለሚሄደው ግን ደጁ ሁሉ አንድ አይደለም። በአውሮፓ የሸንገን አገሮች ብራዚላዊ ጎብኚ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያል። ጃፓንም በ2023 ዓ.ም. ለአጭር ጊዜ ጎብኚዎች ቪዛን አስቀረች፤ ሜክሲኮ ግን በ2022 ዓ.ም. እንደገና ግዴታ አድርጋዋለች።

ወደ ዩናይትድ ስቴትስ መሄድ የወደደ ብራዚላዊ ቪዛ መጠየቅ አለበት። የዚያች አገር ሕግ ጎብኚውን በዚያው ሊቀር እንዳሰበ አድርጎ ስለሚገምት፣ ተመላሽ መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም በአመልካቹ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ የልጅዋን ልጅ ለማቀፍ የተነሣች አያት እንኳ፣ ቤትዋንና ኑሮዋን ለማያውቃት የቆንስላ ሹም ማስረዳት ይኖርባታል።

ብራዚል በበኩልዋ በ2019 ዓ.ም. ለዩናይትድ ስቴትስ፣ ለካናዳ፣ ለአውስትራሊያና ለጃፓን ጎብኚዎች ቪዛን አንሥታ ነበር። ጃፓን አጸፋውን መለሰች፤ የቀሩት ሦስቱ ግን ስላልመለሱ፣ ከኤፕሪል 10 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ በእነርሱ ዜጎች ላይ ቪዛው ተመለሰ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» እንዲሉ ነው።

የመንግሥታት ሚዛን በዚህ ይስተካከል ይሆናል፤ የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍሉት ግን ዘመድ የናፈቃቸው ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ መንገደኛ ሁሉ ስንቁን ከመቋጠሩና የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛቱ አስቀድሞ፣ የሚሄድበት አገር የሚጠይቀውን ይመርምር፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና።