«ልቀቀው» የሚለው ምክርና የሮቢት ጎርፍ

ሰሞኑን ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በቻይና ጥበብ ተጥለቅልቋል። ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ የሚያለቅስ ዋሽንት፣ ከሥሩ ደግሞ «ልቀቀው፤ እንደ ውኃ ፍሰስ» የሚል ጽሑፍ። ምክሩ የጥንቱ ቻይናዊ ጠቢብ የላኦ ትዙ ነው ይባላል። ላኦ ትዙን የምወድ ሰው ነኝ፤ ሰማንያ አንድ አጫጭር ምዕራፎች ያሉትን መጽሐፉን ዳኦ ዴ ጂንግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይህን ቪዲዮ የሚሠሩት ልጆች ግን ውኃ ሲመጣ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እኛ ጋ፣ ሮቢት፣ ውኃ እንዲህ ነው የሚመጣው። ያለነው ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ ዞብል፣ መሀሉ ሜዳ። ሜዳው ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያደርስም፤ ቢያደርስም በዕድል ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ውሎ ግን፣ ማታ እኛ ኮከብ እየቆጠርን ሳለ ደረቁ ወንዝ ማጓራት ይጀምራል። ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ፣ ከውኃ ይልቅ ጭቃ መስሎ ይደርሳል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት ማሳህ ከጠጣ ዓመቱ ዳነ። ካልደረስክበት ወደ አፋር ወረደ፤ ተከትለህ አትመልሰውም።

ገበሬው ይህን ወንዝ አይገድበውም። ክረምቱ ሳይገባ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣና ከዳር ተነስቶ በሰያፍ ወደ ወንዙ መሀል የሚገባ የአፈር፣ የድንጋይና የቅርንጫፍ ክትር ያበጃል። ከጎርፉ ጋር ፊት ለፊት አይጋጠምም፤ ጎኑን ይዞ ከፊሉን ወደ ቦይ ያባብለዋል። ዋናው ቦይ ወደ ትንንሾቹ፣ ትንንሾቹ ወደየማሳው ይከፈላሉ። በተራ ምክንያት ጠብ ሲነሳ የሚዳኝ የውኃ አባት አለ፤ ጠቡም አይጠፋም። እንግዲህ ጎርፉ ከልክ ሲያልፍ ክትሩ ይሰበራል። ለእንግዳ ሰው ይህ የድህነት ሥራ ይመስላል፤ የክትሩ ጥቅም ግን መሰበሩም ላይ ነው። ባይሰበር ያ ሁሉ ጎርፍ ቦዩን ተከትሎ ገብቶ ቡቃያውን ከነአፈሩ ጠርጎ ይወስደው ነበር። ሲሰበር ወንዙ በመንገዱ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሰው አካፋውን ያነሳል።

«መልቀቅ» የሚሉት ይህን ከሆነ እስማማለሁ። ግን ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚሠራ አይደለም።

እዚሁ ራያ ሸለቆ ውስጥ በኮንክሪት የተሠሩ ዘመናዊ የጎርፍ መጥለፊያዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹን ደለል ደፈናቸው። መሐንዲሱ የለመደው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ንጹሕ ወንዝ ነው፤ በሩን ለዚያ ልክ አጠበበው። ጎርፍ ግን አሸዋውንና ድንጋዩን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሲሚንቶን መጥላቴ አይደለም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ መስኖ የስንቱን ቤት እንደቀየረ አውቃለሁ፤ ክትር መሥራት ደስ ይላል የሚል ሰው ካለም ሠርቶት የማያውቅ ነው። ያስገረመኝ የጠንካራው ነገር ቶሎ መሸነፍ ነው። የላኦ ትዙ መጽሐፍ ለስላሳው ውኃ ጠንካራውን ያሸንፋል ሲል ቅኔ የሚመስላቸው አሉ። ለቆላ ሰው ግን የእርሻ ወሬ ነው።

ቻይናውያኑም ቢሆኑ ጥበቡን ከአካፋ አልለዩትም። ሲቹዋን ውስጥ ሚን በሚባለው ወንዝ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ገደማ፣ ሊ ቢንግ የሚባል አገረ ገዥ ዱጂያንግያን የተባለውን መስኖ አሠራ። ግድብ አልሠራም። በቀርከሃ ቅርጫት ድንጋይ አጭቆ (ዛሬ ጋቢዮን የምንለው የሽቦ ሣጥን አያቱ ይህ ነው) የዓሣ አፍ የሚመስል ክምር ወንዙ መሀል አቁሞ ውኃውን ለሁለት ከፈለው። ትርፉ ውኃና አሸዋ ተመልሶ ወደ ወንዙ እንዲገለበጥም ዝቅ ያለ ማፍሰሻ ተወለት። ወለሉ በየጊዜው ይጠረጋል፣ የተናደው ይጠገናል፤ ይኸው ከ2,200 ዓመት በላይ ሆኖት እስከ ዛሬ ያጠጣል። አጠገቡ ያለው የቺንግቼንግ ተራራ ደግሞ በሁለተኛው ምእት ዓመት ዣንግ ዳኦሊንግ ያስተማረበት፣ የዳኦ ሃይማኖት ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ዩኔስኮ በ2000 እ.ኤ.አ. ተራራውንና መስኖውን በአንድ ስም አንድ ላይ መዘገባቸው። ጸሎት ቤቱና ቦዩ ባንድ መዝገብ መግባታቸውን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ወደ ማሽላው ልመለስ። ቡቃያው ወደ ጉልበት ሲጠጋ ገበሬው በሬውን ጠምዶ የገዛ ሰብሉን መሀል ለመሀል ያርሰዋል። ሽልሻሎ ነው። ላላየው ሰው እብደት ነው፤ ሕፃን ሆኜ እኔም ሰብሉን ሊያጠፉት ነው ብዬ ነበር። የተጨናነቀው ይሳሳል፣ አረሙ ይገለበጣል፣ ውኃው በትልሙ ይታገታል፣ የተነቀለው ለከብት ይሆናል። የቀረው አገዳ ያብጣል። ላኦ ትዙ፣ የተማረ ሰው በየቀኑ ይጨምራል፣ መንገዱን የያዘ ግን በየቀኑ ይቀንሳል የሚል ሐሳብ አለው። እኛ ራስን ማነጽ ሲባል የሚታየን መጨመር ብቻ ነው፦ ሌላ ኮርስ፣ ሌላ መጽሐፍ፣ ሌላ የአምስት ዓመት ዕቅድ። ካለኝ ላይ የትኛውን አርሼ ልቀንስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አልገጠመኝም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአቀንጭራ ነገር ነው። ይህ ሐምራዊ አበባ ያለው ጥገኛ አረም የማሽላን ሥር ይዞ ይመጠምጠዋል። ዘሩ ከአፈር ሥር እስከ ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው የሚነቃው። ማሽላው ራሱ ይጠራዋል ማለት ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ነው፤ ከነዚህ አንዱ የጎረቤት ከተማችንን የጎብዬን ስም ይዟል። ዝርያው አረሙን አይገድለውም፤ ያንን ኬሚካል እጅግ ያሳንሰዋል። ያልተጠራ ዘር ተኝቶ ይቀራል። የራያ ገበሬ እንደ ደጋሊት ያለውን ረጅሙን የአገሩን ማሽላ በቀላሉ አይተውም፤ አገዳውም ለከብት፣ ለማገዶ፣ ለቤት ይፈለጋል። ልክ ነው። ግን ይህ ነገር ከእርሻም ውጭ ይከተለኛል። ፌስቡክ ላይ አንዱ ሰድቦህ ሌሊቱን መልስ ስትጽፍ የምታድር ወንድሜ፣ የሚነቃውን ታውቀዋለህ።

ደግሞ ስለ ልስላሴ ራያ ላይ ማውራት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘራፍ ያላለ ወንድ እንደማይቆጠር እየሰማን ያደግንበት አገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጦርነት ደጋግሞ ረግጦታል። ቤቱ የተዘረፈበትን፣ ልጁ የሞተበትን ሰው «ልቀቀው» ማለት ነውር ነው። ላኦ ትዙም እንዲህ አላለም። መጽሐፉ የተወለደው መንግሥታት ሲፋጁ በኖሩበት ዘመን ነው፤ ድል ያደረገ ሰው እንኳ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሆኖ ይቁም የሚለው ለዚያ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከሽማግሌው ጋር እለያያለሁ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ላኦ ትዙ የአገሩ ነገር ሰለቸውና በበሬ ተቀምጦ በምዕራቡ በር ወጣ፤ መጽሐፉንም የጻፈው የበሩ ዘበኛ ስለለመነው ነው። ደም የሚያስታርቁት የእኛ የዘወልድ ሽማግሌዎች ግን የሚወጡበት በር የላቸውም። ደም ሲፈስ የሟች ወገን ደጃፍ ሄደው ይቆማሉ፤ ፊት ሲነሷቸው ተመልሰው ይመጣሉ፤ እንደገና ሲነሷቸው እንደገና። በሬውም ቢሆን ለሽልሻሎ ይፈለጋል። የገዳይና የሟች ወገን ማሳቸው ከአንድ ቦይ የሚጠጣ ሲሆን ደግሞ ቀነ ቀጠሮም አለው፤ ደጋው ሳይዘንብ፣ ክትሩን አብረው የሚያበጁበት ወር ሳይደርስ መታረቅ አለባቸው።