እንጦጦ በሐምሌ

በክረምት ተራራ መውጣት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላችሁ ይሆናል። እኛም አሥር የአንድ መሥሪያ ቤት ሴቶች፣ በሐምሌ አንድ እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን የእንጦጦን ዳገት ስንያያዘው ቀላል መስሎን ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ስንቃረብ ግን ጉሙ ወረደ፤ የረጠበው የባሕር ዛፍ ቅጠልም እንደ ሳሙና ያንሸራትተን ጀመር። በዕድሜ የገፉት ባልደረባችን ትንፋሽ አጠራቸው። ፈጣኖቹ ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ሳናይ አንመለስም አሉ።

በዚህ መካከል ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል መጡ። መንገድ ለቀቅንላቸው። ልብ ብለን ስናይ ከፊት የምትሄደው ጠንካራዋ ሳትሆን ዝግ የምትለዋ ነበረች፤ ሌሎቹ በእርሷ እርምጃ ይከተላሉ።

«ከኋላ ብትቀር ማን ያያታል?» አለችን አንዷ።

እኛም ወይዘሮዋን ከፊት አደረግናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የደረስነው ዘግይተን ነው፤ ነገር ግን አሥራችንም ደረስን። ነጎድጓድ ስንሰማ ከዛፍ ሥር ሳንጠለል ተመለስን።

እናንተም ስትወጡ በማለዳ ተነሡ፤ የሱፍ ልብስና ቆሎ ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን ደካማዋን አስቀድሙ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁም ትንሹ ይምራ።