በአርባ ምንጭ አገር ጥቂት ውኃ የሚበቃው ጓሮ

የሰው ልጅ በመጀመሪያ የተቀመጠው በአትክልት ቦታ እንደ ነበረ፣ ሥራውም ያን ቦታ ማልማትና መጠበቅ እንደ ነበረ ከኦሪት ተምረናል። ማልማትና መጠበቅ ግን ተለያይተው የሚቆሙ ሥራዎች አይደሉም። ውኃውን ሳይጠብቅ አትክልቱን አለማለሁ የሚል ሰው ዛሬ ደጁን ቢያስጌጥ ነገ ምንጩን ያደርቃል። ይህን ነገር በግልጥ ሊያይ የሚወድ ሁሉ ወደ ጋሞ ዞን፣ ይልቁንም ወደ አርባ ምንጭ ከተማ ቢወርድ ብዙ ትምህርት ያገኛል። እኛም በዚያ አገር የተመለከትነውን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን እነሆ እናቀርባለን።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከደጋማዪቱ ጨንቻ ወደዚህ ቆላ ወረደ፤ ዛሬ ከተማዪቱ የጋሞ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ዞኑም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል። ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ታችኛው ሲቀላ ይባላል። ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው በስተ ግራው ቀላ ያለውን የአባያን ሐይቅ፣ በስተ ቀኙ ሰማያዊውን የጫሞን ሐይቅ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለውን መሬት ያያል። ከአፋፉ ሥር ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ለከተማዪቱ ስሟን የሰጧት ምንጮች ይፈልቃሉ።

ስሟን ብቻ የሰማ እንግዳ አገሩ ሁሉ በውኃ የረሰረሰ ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ምንጮቹ ከታች ናቸው፤ ብዙው ቤት ከላይ ነው። ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው ወራት ፀሐዩ የበረታ፣ መሬቱ የተሰነጠቀ ነው። የቧንቧው ውኃ በተቋረጠ ቀን ጀሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣው የቤቱ ልጅ ናት። ስለዚህ አንድ አባወራ በደጁ ምን ልትከል ብሎ ሲያስብ፣ በእውነቱ የሚጠይቀው በልጄ ጀርባ የሚመጣውን ውኃ ለማን ላጠጣው ብሎ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የአገሩ ሰው ከጥንት ያገኘው መልስ ሽፈራው ነው። ይህ ዛፍ በጋሞ ሀሌኮ ይባላል። የትውልድ አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ሲሆን፣ በሕንድ አገር ለሚገኘው ሽፈራው ዘመዱ ነው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም። በወፍራም ግንዱና በሥሩ ውኃ ስለሚያከማች፣ ሌላው ቅጠል በሚጠወልግበት ወራት እርሱ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር ይበላል። ዐቢይ ጾም የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት ነውና፣ የጓሮ ጎመን በሚደርቅበት በዚያ የ55 ቀን ጾም ሽፈራው የጿሚውን ገበታ አያጐድልበትም። ሥጋና ወተት ለማይቀመስበት ወራት እንዲህ ያለ ቅጠል በደጅ መኖሩ ቀላል በረከት አይደለም።

በሴቻ ከጐበኘናቸው ጓሮዎች በአንዱ አንዲት አሮጊት እናት አገኘን። በግቢያቸው አንድ እርምጃ የሚያህል እንኳ የጌጥ ሣር አላየንምና ምክንያቱን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ሣሩ ውኃዬን ይጠጣብኛል፤ ሀሌኮው ግን ያበላኛል» ብለው መለሱልን። ከዚህ አጭር ንግግር የበለጠ መመሪያ ለመጻፍ ብንሞክርም ማብራራት እንጂ መጨመር አይቻለንም።

የእኒህ እናት ጓሮ የተተከለው በዘፈቀደ አልነበረም። ሦስት ክበብ ያለው ሆኖ አየነው። የመጀመሪያው ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ ዕቃ የታጠበበትና እጅ የታጠበበት ውኃ በቦይ ወደዚያ ይወርዳል። ውኃ የሚወዱት ሙዝና ፓፓያ፣ ከጥላቸውም ሥር በሶብላና ጤና አዳም በዚያ ተተክለዋል። ሁለተኛው ክበብ የሽፈራው ነው፤ በዛፎቹ መካከል የርግብ አተር ቆሟል፤ በመሬቱ ላይ ደግሞ ስኳር ድንች ተንሰራፍቷል። ሦስተኛው ክበብ አጥሩ ነው፤ በዚያ እሬት፣ በለስና ቁልቋል ተሰልፈዋል። እነዚህ ከዝናብ በቀር የሚያጠጣቸው የለም። ቁልቋሉ ግን ወተቱ ዓይንን ስለሚጐዳ ሕፃናት ከሚጫወቱበት ስፍራ ርቆ ተተክሏል።

የዚህ አተካከል ምክንያቱ እንዲህ ነው። ውኃ የሚወደውን ተክል ከማይወደው ጋር ቀላቅሎ የተከለ ሰው ሁለቱን በአንድ ሊያጠጣ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ወይ አንዱ በጥማት ይሞታል፣ ወይ የሌላው ሥር በውኃ ብዛት ይበሰብሳል። እንደ ጠባያቸው የተሰበሰቡ እንደ ሆነ ግን ለእያንዳንዱ የሚበቃውን መስጠት ይቻላል። ከዚህም በቀር ጎረቤታሞቹ ይረዳዳሉ። ሽፈራው ከላይ ሳሳ ያለ ጥላ ይሰጣል፤ የርግብ አተር እንደ ሌሎቹ የጥራጥሬ ወገኖች በሥሩ አፈሩን ያዳብራል፤ ስኳር ድንች መሬቱን በቅጠሉ አልብሶ ፀሐይ እርጥበቱን እንዳይመጥ ይከለክላል። አንዱ የሌላውን ሸክም እንደሚሸከምበት እንደ መልካም ቤተ ሰብ ነው ብንል አላበዛንም።

እያንዳንዱ ተክል ስፍራውን ማወቅ እንደሚገባው ደግሞ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወደ ጨንቻ ሲወጣ ይታያል። በዚያ ደጋ፣ በዶርዜዎች ቤት ዙሪያ የሚታየው ሽፈራው ሳይሆን እንሰት ነው። እንሰትም በግንዱ ውኃ አከማችቶ ድርቅን የሚታገሥ፣ ለብዙ ቤት ቆጮ የሚሆን ተክል ነው፤ ነገር ግን ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳልና ወደ ሞቃቱ ቆላ ያወረደው ሰው ይደክማል። ሙዝም እንዲሁ ከኩልፎና ከሐሬ ወንዞች በመስኖ በሚጠጣው ሜዳ ይበጃል እንጂ በደረቁ አፋፍ ላይ በጀሪካን ውኃ ሊኖር አይገባውም። ወደ ደቡብ የተሻገረ ሰው ደግሞ የኮንሶን እርከን ያያል፤ ይህ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ምድር ሽፈራውንና ማሽላን በድንጋይ ካብ ላይ አብሮ በማብቀል፣ ጥቂቱን ዝናብ እንዳያመልጥ ይዞ ያስቀራል።

ከዚህ የምንረዳው የውኃ ቁጠባ ለአንድ ቤት ብቻ የሚሠራ ሥራ አለመሆኑን ነው። የአባያ ሐይቅ መቅላት ከየተራራው እየታጠበ የሚወርደው አፈር ነው። ምንጮቹን የሚጠብቀው ደንም ለማገዶ እየተቈረጠ ተጐድቷል። በአጥሩ ዙሪያ ዛፍ የተከለ ሰው ግን ከቅርንጫፉ እየገረዘ ማገዶ ያገኛልና ወደ ደኑ መጥረቢያ ይዞ አይወርድም። በአንጻሩ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ቢያድግም ብዙ ውኃ የሚጠጣ ስለ ሆነ ከምንጭና ከጓሮ አጠገብ ባይተከል ይመረጣል።

እንግዲህ ይህን ለመሞከር ለሚወዱ አንባብያን ጥቂት ነገር እንጨምር። ተከላው ዝናቡ በሚጀምርበት ጊዜ ይሁን፤ ችግኙ በጋው ሳይደርስበት ሥሩን ወደ ታች እንዲሰድድ ነው። ዳገት በሆነ መሬት ከችግኙ በታች በኩል አፈሩን በግማሽ ጨረቃ አምሳል ከፍ አድርጎ ጐርፉን ማስቆም ይገባል። ከሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣርና ገለባ ማልበስ እርጥበቱን ያቆያል። ውኃም በየቀኑ በጥቂቱ ከሚረጭ ይልቅ በየጥቂት ቀኑ ጠልቆ እስኪገባ፣ ፀሐይ ሲበርድ ቢጠጣ ይሻላል፤ በየቀኑ የሚረጭ ውኃ ሥሩን ከላይ ስለሚያስቀረው ተክሉ ድርቅ የማይችል ይሆናል። የውስጡ ልስን ያልሆነ አሮጌ የሸክላ ገንቦም አንገቱ ድረስ በአፈር ተቀብሮ ውኃ ቢሞላበትና አፉ ቢከደን፣ ቀስ በቀስ እያንጠባጠበ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያጠጣል። በረኪና የገባበት የልብስ እጣቢ ግን ወደ አትክልቱ አይፍሰስ።

ስለ ሽፈራው ዘር አንድ ነገር እናስታውስ። ዘሩ ተልጦና ተወቅጦ በድፍርስ ውኃ ቢገባ ጭቃውን ሰብስቦ ወደ ታች ያሰጥመዋል። ይሁን እንጂ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለምና፣ ለመጠጥ የሚሆነው ከጠራ በኋላ መፍላት አለበት።

አባቶቻችን በየደብሩ ቅጥር ግቢ ወይራውንና ጽዱን ጠብቀው ባያቆዩልን ኖሮ፣ በብዙ አገር የዱር ዛፍ ምን እንደሚመስል ለልጆቻችን የምናሳይበት ስፍራ ባልኖረ ነበር። የቤተ ክርስቲያንን አጸድ የጠበቀ እጅ የራሱን ጓሮ እንዴት ይንቃል? በጓሯችን ሣር ለዓይን ብቻ ከምናበቅል፣ ለጾም ገበታ ቅጠል፣ ለእሳት ጭራሮ፣ ለእንግዳ ጥላ የሚሰጠውን እንትከል፤ ውኃ ቀጂዋም ልጅ ከሁለት መንገድ አንዱን ታርፍ። የምድርን ፍሬ የሚባርክ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ ምንጮቻችንንም አያድርቅብን። አሜን።