«ካርዱ ተበላሽቷል»

ያላወቁትን ነገር ሁሉ «ተበላሽቷል» ማለት የሰው ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን መሣሪያም ይህ ጠባይ እንዳለበት ባለፈው ዓመት ተማርሁ።

አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ወንድሙ የሰጠውን አሮጌ ታብሌትና ከስልኩ ያወጣውን ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ይዞ መጣ፤ የተቀዳውን ትምህርት በታብሌቱ እያየ ለፈተና ሊያጠና ነው። ካርዱን ብከተው «ካርዱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እኔም ሳላመነታ ጣቴን «እሺ» ወደሚለው ዘረጋሁ። ልጁ ግን ደንግጦ «መምህር፤ እባክዎ ይቆዩ! የአያቴ ድምፅ አለበት» አለኝ። አያቱ በዚያው ዓመት ዐርፈው ኖሯል፤ የነገሩት ተረት ያለው በዚያች ካርድ ላይ ብቻ ነው። ፎርማት ማድረግ ያለውን መደምሰስ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ጣቴ ግን ልቤን ቀደመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሞሪ ካርድ እንደ መዝገብ ቤት ነው። አደራደሩን የማያውቅ አዲስ ጸሐፊ የገባ እንደ ሆነ፣ ወረቀቱ ሁሉ በቦታው ሳለ «ጠፍቷል» ይላል። የካርድም አደራደር ልዩ ልዩ ነው። አሮጌው ፋት 32 ይባላል፤ የማያነበው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበልም። ስለዚህ ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ኤክስፋት የሚባለውን አወጣ። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ የሚወጡት በዚሁ ነው። ኩባንያው የአሠራሩን ዝርዝር ለሁሉ የገለጠው ግን በ2019 ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ከተሠሩት ታብሌቶች አንዳንዶቹ አያውቁትም።

ታዲያ ምን አደረግን? ካርዱን አውጥተን በኮምፒውተር ላይ ብንሰካው ተከፈተ፤ የአያትየውም ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ተሰማ። አስቀድመን ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥን፤ በደኅና መገልበጡንም እየከፈትን አረጋገጥን። ካርዱን በታብሌቱ ራሱ ፎርማት ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም ድምፁንም ትምህርቱንም መለስንበት፤ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ረዥም ቪዲዮ ብቻ እምቢ ስላለ ለሁለት ከፈልነው።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ካርዱን በሌላ መሣሪያ ሳትሞክሩ «እሺ» አትበሉ። ታብሌቱ ካርዱን የውስጥ ማከማቻ ላድርገው ቢላችሁም አትፍቀዱ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ መሣሪያ አያነበውምና። ኮምፒውተሩም ስልኩም ካላነበበው ግን ካርዱ በእውነት ታሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ሳትጽፉበት ለባለሙያ አሳዩት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው ብዙውን ጊዜ አይለቀምም። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድን ነገር፣ ይልቁንም አንድን ተማሪ፣ «ተበላሽቷል» ከማለቴ በፊት «ማንበብ ያቃተኝ እኔ እንዳልሆን?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።