ግራሶ፣ ሰምና ጎመን ዘር

ከአርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በሰሜን በኩል ያለው አባያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በደቡብ በኩል ያለው ጫሞ ከእርሱ ያንሳል። በመካከላቸው የአካባቢው ሰው «የእግዜር ድልድይ» የሚለው ልሳነ ምድር ተጋድሟል። ከከፍታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የሁለቱ ልዩነት በመልካቸው ይታወቃል፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ፣ አባያ ቀይ ቡናማ ነው። ይህን ቀለም የሰጠው፣ ወንዞች ከደጋው ጠርገው ያወረዱትና በውኃው ውስጥ ተንሳፎ የሚቀረው ደቃቅ አፈር ነው። ለሠዓሊ ነገሩ የቀለም ጉዳይ ነው፤ ለጀልባ ሠራተኛ ግን የብረት መበላት ጉዳይ ነው።

ከእነዚህ ሐይቆች ጋር የኖረው ጥንታዊ ጀልባ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። እንደ ቡሽ ቀላል ከሆነ እንጨት ተገጣጥሞ ይታሰራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይላል፤ የሚቀዝፈውም የሰው ክንድ ነው። ሸራ የለውም፣ መሪ የለውም፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተት ብረት የለውም። ዋና ጠላቱ ውኃ መምጠጥ ነው። እንደ ጣና የደንገል ታንኳ ሁሉ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ካልሞቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ባለቤቱ ጥገና ሲል እንግዲህ ማድረቅ ማለቱ ነው።

ሞተር ከመጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዓሣ ለማጥመድም ይውጣ፣ ጎብኚ ይዞ ወደ አዞዎቹ ዳርቻ ይሂድ፣ ባለሞተሩ ጀልባ ኃይሉን የሚያገኘው ከጀርባው ከታሰረው ሞተር ነው። ሞተሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ካልዞረ ጀልባው አይታዘዝም፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ወደ ላይ ካልተነሣም የሚሽከረከረው ክንፍ ጭቃ ይመታል። መሪ በተገጠመላቸው ጀልባዎች ላይ መሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ይንሸራተታል። የተሳፋሪው ሁሉ ደኅንነት በዚህች የስንዝር ያህል መንሸራተት ላይ ተንጠልጥሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘንጉ በአብዛኛው በአንድ ቀን አይያዝም። በመጀመሪያ መሪው በመጠኑ ይከብዳል፤ ነጂው ክንዱን ያጠነክራል። በማግሥቱ ጥቂት ይብሳል፤ ክንድ ደግሞ ሁሉን ይለምዳልና መክበዱ አይታወቅም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲቆጣ፣ ወይም ጉማሬ ከፊት ለፊት ድንገት ራሱን ብቅ ሲያደርግ፣ ያን ጊዜ ለሁለት ወር የተላመዱት ክብደት ዋጋውን ይጠይቃል። ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጥቶ እያለ ስለ ግራሶ ማሰብ ከንቱ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ጥፋት ግራሶ አለመቀባት አይደለም፤ በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፤ እንዲያውም የትጉህ ሰው ጥፋት ነው። አሮጌ ግራሶ ይደርቃል፣ ይጠጥራል፣ ደለሉንም አቅፎ ይይዛል። ግራሶና ደለል ሲቀላቀሉ የሚገኘው ነገር ማለስለሻ መሆኑ ቀርቶ መሞረጃ ይሆናል፤ ዘንጉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን በራሱ ይሞርዳል። ስለዚህ የሥራው ከባድ ክፍል መቀባቱ ሳይሆን መጥረጉ ነው። በቅድሚያ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ አሮጌው ግራሶ በጨርቅ እስከ መጨረሻው ይወጣል፤ ከዚያ ውኃ የማያጥበው ግራሶ በስሱ ይቀባና መሪው ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ይመላለሳል። የደፈረሰ የሐይቅ ውኃ ለዚህ አይሆንም፤ በእርሱ ዘንግ ማጠብ ፊትን በጭቃ እንደ መታጠብ ነው። ለከተማይቱ ስም የሰጧት ምንጮች ከኮረብታው ሥር ጥርት ብለው በሚፈልቁበት አገር አንድ ጄሪካን ንጹሕ ውኃ ጀልባው ዘንድ ማድረስ ብዙ አይደለም።

በሌላው ዓለም ነፋስ ብቻ የሚነዳቸው ባለሸራ ትናንሽ ጀልባዎች አሉ። ሸራው በምሰሶው ቦይ ውስጥ እየተንሸራተተ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ገመዶቹ በትናንሽ መዘውሮች ላይ ይሮጣሉ። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ዘይትም ግራሶም ማፍሰስን አይወዱም፤ አሸዋና አቧራ ይሰበስባልና። በንጹሕ ውኃ ያጥቡታል፤ ከደረቀ በኋላ፣ ካስፈለገ፣ እጅ የማያረጥብ ደረቅ ማለስለሻ በጥቂቱ ያሳርፉበታል። ለብረት የሚስማማው ለፕላስቲክ፣ ተደብቆ ለሚንሸራተተው የሚስማማው ተገልጦ ለሚንሸራተተው ላይስማማ ይችላል።

ይህ እውቀት ግን ለኢትዮጵያዊት እናት አዲስ አይደለም። አዲስ ምጣድ ገዝታ ስታሟሽ፣ የተደቆሰ ጎመን ዘር በትና በማሰሻ እያመላለሰች ስታሽ፣ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ጎመን ዘሩ ከበዛ እንጀራው ይበላሻል፤ ካነሰ ይይዛል። ልኩን የሚነግራት መስፈሪያ የለም፤ የምትለየው በእጇና በአፍንጫዋ ነው።

ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ የሚወጣው መንገደኛ ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል፤ ሙቀቱ በብርድ፣ የሙዙ ተክል በእንሰትና በቀርከሃ ይተካል። በዚያ ደግሞ ሌላ የሚንሸራተት ነገር አለ፤ የሸማኔው መወርወሪያ። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ መረገጫውን በተራ ይጫናል፤ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ በተከፈተው መንገድ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሾልካል። ይህ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም የሚቆጥር ሸማኔ ቢኖር ጥበቡን ትቶ ሒሳብ ይማር ነበር።

እዚህ ዘይት ክልክል ነው። ነጭ ሸማ ላይ የወደቀች አንዲት የቅባት ነጠብጣብ የቀናት ድካምን ዋጋ ታሳጣለች። በመሆኑም መወርወሪያው የሚለሰልሰው በመነካካት ብቻ ነው፤ እጅ ባሸው ቁጥር ይወለወላል፣ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ያበራል። ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥር ቢወጣ ድር ይበጥሳል፤ የተበጠሰውን ፈልጎ መቋጠር ጊዜ ይፈጃል፣ ቋጠሮው ደግሞ ከጨርቁ ላይ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በስባሪ ጠርሙስ ስንጥሩ ይፋቃል። ክር ለሚንሸራተትበት እንጨት ደረቅ ሰም ከተገኘ ይበቃል፤ እርሱም ታሽቶ፣ ተወልውሎ፣ በጣት ሲነካ የሌለ እስኪመስል ድረስ ነው። ከሐይቁ ጀልባ ይልቅ ለባለሸራው ጀልባ የቀረበው የደጋው ሸማኔ መሆኑ ያስገርማል።

በአገራችን የእጅ ባለሙያ በሙያው ሲሰደብ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ አንጥረኛው «ቀጥቃጭ» ተብሏል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ከዚያም በኋላ ቆየ፤ ይሁን እንጂ ዛሬ ሸማው በየበዓሉ ይወደሳል፣ ጥለቱ በየአዳራሹ ይሰቀላል። ከመወርወሪያው ላይ ስንጥር የሚፍቀው እጅ ግን በሥዕልም ሆነ በትያትር እምብዛም አይታይም። ሠዓሊው ሸማኔውን መወርወሪያ ሲወረውር ይሥለዋል፤ እንቅስቃሴው ያምራልና። ሲፈትሽ ግን አይሥለውም። ጀልባ ነጂውም ማዕበል ሲሰነጥቅ እንጂ በጠዋት ጎንበስ ብሎ አሮጌ ግራሶ በጨርቅ ሲያወጣ ፎቶግራፍ የሚያነሣው የለም።

በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች ከአገራቸው ርቀው ይሠራሉ። የመሸመኛው ቋሚና አግዳሚ እንጨት በየትም ቦታ ሊገዛ ይችላል። መወርወሪያውን ግን ለሌላ ሰው ማዋስ የሚወድ ሸማኔ ጥቂት ነው፤ የገዛ መዳፉን ልክ የያዘ ዕቃ በሌላ መዳፍ ውስጥ ሳምንት ሰንብቶ ሲመለስ፣ ባለቤቱ ከመወርወሩ በፊት በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ይዳስሰዋል።