ያረጀ ፎጣ ለምን ይሆናል?

ባለፈው ዓመት መኪናዬን ልሸጥ ነበር።

ጥቁር ቪትዝ ናት። እኔና ባለቤቴ በሁለት ዙር እቁብና ከዘመድ በተበደርነው ብር ነው የገዛናት። እኔ ተቀጥሬ ሳይሆን በግሌ እየጻፍኩ የምኖር ጋዜጠኛ ነኝ። የጻፍኩበት ክፍያ አንዳንዴ ሦስት ወር ይዘገያል፤ የቤት ኪራይ ግን አንድ ቀን አይዘገይም። «ሸጠናት ትንሽ እንተንፍስ» ተባባልን። ገዢው ደላላ ይዞ ገርጂ ድረስ መጣ። ደላላው ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ ጎማዎቹን ዳበሰ፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መብራቱን ኮፈኑ ላይ አበራና «ና እየው» አለኝ።

አየሁት። በመብራቱ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ነበር። ቀጭን፣ ክብ ክብ፣ የማይቆጠር። ላለፉት ዓመታት በየሳምንቱ ሳያት ታይቶኝ አያውቅም። ደላላው «ቀለሙ ደክሟል» ብሎ ከተነጋገርንበት ዋጋ 30 ሺህ ብር ቀነሰ።

አልሸጥኩም። በማግስቱ ግን ብስጭቴን ይዤ ወደማሳጥብበት ላቫጆ ሄድኩ። አጣቢው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። እጁ ላይ አንድ ማይክሮፋይበር ፎጣ አለ። ድሮ ሰማያዊ ነበር መሰለኝ፣ አሁን ግራጫ ሆኗል። የአንዱን መኪና ቸርኬ ጠርጎበት ሲያበቃ ጨመቅ አደረገውና ወደ በሩ አለፈ።

«የኔንም የምታብሰው በዚሁ ነው?»

«ታዲያ በምን ላብሰው ጋሼ?»

«ሌላ የለህም?»

«ውሃውም ማሽኑም የባለቤቱ ነው፣ ሳሙናም ይሰጠናል። ፎጣ ግን ከኪሳችን ነው።» ትንሽ ዝም አለና ጨመረ፦ «አንተም እኮ ስትመጣ ‹ፈጠን በል› ነው የምትለኝ። ‹ፎጣ ቀይር› ብለኸኝ አታውቅም።»

ልጣላ ሄጄ መልስ አጥቼ ተመለስኩ።

ነገሩን ሳጣራ የገባኝ ይህ ነው። ማይክሮፋይበር ጥጥ አይደለም። ፖሊስተርና ናይለን ተቀላቅለው የተሠራ፣ እጅግ የደቀቀ የፕላስቲክ ክር ነው፤ ብዙውን ጊዜ 80 እጁ ፖሊስተር፣ 20 እጁ ናይለን። ክሩ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ውሃም አቧራም ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ጥጥ ቆሻሻውን ከወዲያ ወዲህ ሲገፋው፣ እሱ አንስቶ ይይዘዋል። ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጣጣውም እንደዚሁ። የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። ቸርኬ ላይ ያነሳውን አሸዋ ይዞ ወደ ኮፈን ይሄዳል።

የመኪና ቀለም ደግሞ ከላዩ ግልጽ ሽፋን አለው። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከብዙ ሰው የፀጉር ዘለላ ይሳሳል። በጎሮ፣ በአያት፣ በአራብሳ የሚነዳ ሰው ያቧራውን ነገር ያውቀዋል። ግንባታው አያልቅም፣ የአሸዋና የጠጠር መኪናው አያቋርጥም። ያ አቧራ ውስጥ ከሽፋኑ የሚጠነክር የአሸዋ ቅንጣት አለ። አሸዋ በያዘ ፎጣ ማበስ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ነው፤ ልዩነቱ ቀስ እያለ መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥፋተኛው ልጁ ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ የራሴን ፎጣዎች ሳይ ግን እኔም ከሱ እንደማልሻል ገባኝ።

በዕረፍት ቀን ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ አቧራዋን የማነሳባቸው አራት ፎጣዎች አሉኝ። ከልብስ ጋር የሚያጥባቸው ቤት ውስጥ የተገኘ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ እናቴ። ከጋቢ ጋር ዘፍዝፋ፣ በሙቅ ውሃ አሽታ፣ መጨረሻ ላይ ጥሩ ሽታ እንዲኖረው የልብስ ማለስለሻ ጠብ ታደርግበታለች። ለጋቢው መልካም ነው፣ ፎጣውን ግን ይገድለዋል። የጋቢው ብናኝ ስንጥቁ ውስጥ ይሰገሰጋል። ማለስለሻው ክሩን እንደ ቅባት ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ፎጣው ውሃ መምጠጡን ትቶ መግፋት ይጀምራል። የፈላ ውሃና በረኪና ሲጨመርበት ክሩ ራሱ ይበላሻል።

ይህንን ሁሉ አንብቤ ለእናቴ ላስረዳት ሞከርኩ። ሳቀችብኝ። «ደግሞ ስለ ጨርቅ ለኔ ልታስተምረኝ?» አለችና ነጠላዋን አነሳች።

ነጠላ አዲስ ሲሆን የክት ነው። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና። ሲደክም የዘወትር ይሆናል። የዘወትሩም ሲሳሳ አይጣልም፤ ከብዙ እጥበት በኋላ ስለሚለሰልስ ለአራስ ልጅ መጠቅለያ ከሱ የሚሻል የለም። ከዚያ ጠላ ማጥለያ ይሆናል። ከዚያ ምጣድ ማሰሻ፣ ዕቃ መወልወያ። «እና መወልወያውን ለብሼ ቅዳሴ ሄጄ አውቃለሁ?» አለችኝ።

ነገሩ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ። «ካረጁ አይበጁ» እየተባልን አድገናል፤ የእናቶቻችን ቤት ግን እንደዚያ አልተዳደረም። ያረጀ ጨርቅ ይበጃል፣ ቦታው ከተቀየረለት። ደንቡ አንድ ነው፦ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። የላቫጆው ልጅ ፎጣ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ የክትም፣ የዘወትርም፣ መወልወያም ነው።

እኔም ቤቴ ውስጥ ይህንኑ ደንብ ተከተልኩ።

የክት የምላቸው ሁለት ፎጣዎች ቀለም ብቻ ይነካሉ፣ ያውም መኪናው በውሃ በደንብ ከታጠበ በኋላ። ጠርዛቸው ላይ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ቆርጬ ጥያለሁ፤ እሱም ይጭራል። በአራት አጥፌ ስይዛቸው ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጡኛል፤ አንዱ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው እገለብጣለሁ። የዘወትሮቹ ለክሩስኮት፣ ለመስታወትና ለበር ውስጠኛ ጠርዝ ናቸው። መወልወያዎቹ ለቸርኬ፣ ለጎማና ለሞተር። እንዳይምታቱብኝ የመወልወያዎቹን አንድ ጥግ ቆርጫለሁ። መሬት የወደቀ የክት ፎጣ በዚያችው ቅጽበት መወልወያ ሆኗል። «አራግፌዋለሁ» አይሠራም።

የሚወርድበትን ቀን እንዴት ታውቃለህ ለምትሉኝ፣ በደረቅ እጃችሁ ጀርባ ላይ ሳቡት። ጤነኛ ማይክሮፋይበር ቆዳውን ያዝ ያዝ ያደርጋል፤ ያረጀው እንደ ላስቲክ ይንሸራተታል። ወይም ጥቂት ውሃ መስታወት ላይ ጠብ አድርጋችሁ አስነኩት፤ ከመጠጣት ይልቅ ከገፋው ደክሟል። ቤት ውስጥ የድሮ ሲዲ ያለው ሰው ደግሞ ጀርባውን አሸት አሸት ያድርግበት። ሲዲውን ከጫረ መኪናውንም ይጭራል።

አጥበቱም ከባድ አይደለም። ለብቻው፣ ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና። ዱቄት ሳሙና በደንብ ካልሟሟ ፍሬው ክሩ ውስጥ ይቀራል። አረፋው እስኪጠፋ ማለቅለቅ፣ ጥላ ላይ ማስጣት፣ ሲደርቅ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ መክተት። በረንዳ ላይ ከረሳችሁት የሰፈሩን አቧራ መልሶ ይሰበስባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «አረፋው እስኪጠፋ» ማለት ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ። እኔ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ አልደፋውም፣ ለጎማ አስቀምጠዋለሁ። ማለስለሻ የነካውን ፎጣ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ አቼቶ ዘፍዝፌ ሁለቱን አድኛለሁ። ሁለቱ አልዳኑም፤ ወረዱ።

«በዚህ ኑሮ ስለ ፎጣ ትጽፋለህ?» የሚል ይኖራል። ኑሮው እንዲህ ስለሆነ ነው የምጽፈው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪና መግዣ የሌለን ሰዎች ያለችንን ይዘን መክረማችን ነው። በመኪናው እንጀራውን የሚጋግር የራይድ ሹፌር ደግሞ በየቀኑ ያሳጥባል፤ በየቀኑ በዚያ ግራጫ ፎጣ ይታበስለታል።

በሌላ በኩል ልጁ አለ። ፎጣ ከኪሱ የሚገዛ አጣቢ እስኪበጣጠስ ድረስ ቢሠራበት ምን ይገርማል? አዲስ ፎጣ ሲገዛ የሚጠቀመው የኔ ቀለም ነው፣ የሚጎድለው የሱ ምሳ ነው። ውሃ የባለቤቱ ወጪ ከሆነ፣ ሳሙና የባለቤቱ ወጪ ከሆነ፣ ፎጣ በምን ምክንያት የሠራተኛው ይሆናል? የላቫጆ ባለቤቶች ለየሥራው በቀለም የተለየ ፎጣ ቢያቀርቡና ዋጋው ላይ ጥቂት ብር ቢጨምሩ እኔ አላጉረመርምም። እስከዚያው ፎጣችንን ይዘን እንሂድ።

የእናቴ ነጠላ ግን አንድ ቦታ ላይ ከኔ ፎጣ ይለያል። ነጠላው ጥጥ ነው፣ መጨረሻው አፈር ነው። ማይክሮፋይበር ፕላስቲክ ነው፣ አይበሰብስም። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በደቃቅነታቸው ወደ ውቅያኖስ ከሚገቡት ፕላስቲኮች 35 በመቶ ያህሉ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሲታጠብ የሚረግፍ ክር እንደሆነ ገምቷል። ከኛ ሰፈር የሚወጣው እጣቢ ደግሞ ውቅያኖስ አይደርስም። በየወንዛችን አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፤ በመንገዱ ስንት እርሻ አጠጥቶ አፋር በረሃ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ያፈሰስነው እዚሁ ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ ክሩ መርገፍ የጀመረ ፎጣ ከዚያ ወዲያ አይታጠብም። የመጨረሻ ሥራው ደረቅ ሥራ ነው። እናቴ የኔዎቹን ወስዳ የመደብ ትራስ ውስጥ ከታቸዋለች።

ለልጁ አራት ፎጣ ገዝቼ ወሰድኩለት፣ ሁለቱን ጥጋቸውን ቆርጬ። ጀግና እንዳልመስላችሁ መጨረሻውን ልንገራችሁ። በሁለት ወር ውስጥ አንዱ ጠፋ። አንዱን የክት ደግሞ የሌላ ሰው ቸርኬ ላይ አየሁት። ልናገር አፌን ስከፍት ቀድሞኝ «አውቃለሁ፣ ወርዷል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የኔን ቪትዝ ሲያብስ ንጹሑን ከባልዲው ያወጣል።

ጭረቱ አሁንም አለ። ቪትዟም አለች። ነገ መኪናችሁን ልታሳጥቡ የምትወጡ ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ንጹሕ ፎጣ ያዙ። አጣቢውንም ፎጣውን ማን እንደገዛለት ጠይቁት።

መልካም ሰንበት።